አድራሻውን ብቻ ነበር የፈለግኩት፦ ሦስት የኔትወርክ ካርድ ያለው አንድ የሊኑክስ ሰርቨር

መብራት ሄዶ ተመለሰ። ስዊቾቹ ተነሱ፣ ራውተሩ ተነሳ፣ ሰርቨሮቹም አንድ በአንድ ተነሱ። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ኢንተርኔት አጥቶ ቀረ። እሱን ያዋቀርኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቀን በፊት ለሁለት ወር ያህል ኮሽ ሳይል ሠርቷል።

የኔትወርኩ ኃላፊ ደወለችልኝ። አብረን ብዙ ዓመት ሠርተናል።

«ስማ፣ ያ ሰርቨር ወደ ውጭ ፒንግ አያደርግም» አለችኝ። ፒንግ ሌላው ማሽን ይመልስ እንደሆነ ለማየት የሚላክ ትንሽ መልእክት ነው።

«አድራሻ አግኝቷል?»

«አግኝቷል እንጂ። በሁለቱም ገመድ አድራሻ አለው። ግራ የገባኝም እሱ ነው።»

«እስቲ ሪስታርት አድርጊው።»

አደረገችው። ተነሳ፤ ኢንተርኔቱም መጣ። እፎይ ብለን ስልኩን ዘጋን። በሦስተኛው ቀን ለአፕዴት ሪስታርት ሲደረግ ግን እንደገና ጠፋ።

አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራ ነገር፣ ጭራሽ ከማይሠራው ይልቅ ያሳስበኛል። ጭራሽ የማይሠራውን ወዲያው ቁጭ ብለህ ትመረምረዋለህ። ይህኛው ግን አጥፍተህ አብርተህ እንድትረሳው ያባብልሃል። እኛ ልንረሳው አልቻልንም። ሰርቨሩ ሌሊት ሌሊት ባክአፕ ወስዶ ወደ ውጭ የሚልክ ነው። ኢንተርኔት ካጣ ማንም ሳያውቅ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ።

ማሽኑና የመጀመሪያው ፋይል

ሰርቨሩ ኡቡንቱ ሰርቨር ነው። ሦስት የኔትወርክ ካርድ አለው። አንደኛው ወደ ቢሮው ኔትወርክ ይገባል፤ 10.10.0.0/24 ነው (/24 ማለት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች የኔትወርኩ መለያ ናቸው ማለት ነው)፣ ኢንተርኔትም ያለው በዚህ በኩል ነው። ሁለተኛው ለአስተዳደር ብቻ የተለየ ኔትወርክ ነው፤ 10.20.0.0/24። እዚህ ሰርቨሮቹን የሚቆጣጠሩ ሰዎች ይገቡበታል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም። ሦስተኛው ካርድ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነው። ትልልቅ ፋይሎችን ከማከማቻ ማሽን መገልበጥ ሲያስፈልግ ብቻ ገመድ ይሰካበታል።

ሦስቱም ኔትወርኮች ላይ አድራሻ የሚያድል የዲኤችሲፒ ሰርቨር አለ። ስለዚህ ሥራው ቀላል መሰለኝ። ኡቡንቱ ላይ የኔትወርክ ማስተካከያው የሚጻፈው በኔትፕላን ፋይል ነው። በእያንዳንዱ ካርድ ስም ስር አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ፦ ዲኤችሲፒ4፣ ትሩ። ሦስት ካርድ፣ ሦስት መስመር። የቢሮውን ገመድ ሰካሁ፣ አድራሻ መጣ፣ ፒንግ አደረግኩ፣ ሄደ። የአስተዳደሩን ገመድ ሰካሁ፣ አድራሻ መጣ። ሥራው አለቀ ብዬ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ገመዶቹን የሰካሁበትን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ከአድራሻው ጋር ምን አብሮ ይመጣል?

ዲኤችሲፒ ዛሬ በምንጠቀምበት መልኩ ደረጃው የወጣው በ1997 ነው። አሠራሩ አራት መልእክት ነው። ማሽኑ ሲነሳ አድራሻ ስለሌለው ወደ 255.255.255.255 ይጣራል፤ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» እንደማለት ነው። ይህ ዲስከቨር ይባላል። ሰርቨሩ ኦፈር ብሎ አንድ አድራሻ ያቀርባል። ማሽኑ ሪኩዌስት ብሎ «እሱን እፈልገዋለሁ» ይላል። ሰርቨሩ አክ ብሎ ያጸድቃል። ማሽኑ በፖርት 68፣ ሰርቨሩ በፖርት 67 ይነጋገራሉ።

አድራሻው ግን ብቻውን አይመጣም። ከሱ ጋር ኦፕሽን የሚባሉ ቁጥር የተሰጣቸው ነገሮች አብረው ይጫናሉ። ኦፕሽን 1 የሳብኔት ማስኩ ነው፤ ከአድራሻው የትኛው ክፍል የኔትወርኩ እንደሆነ ይናገራል። ኦፕሽን 3 ጌትዌዩ ነው፤ ከኔትወርኩ ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚወጣበት በር። ኦፕሽን 6 ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይሩት የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ናቸው። ኦፕሽን 51 አድራሻው ለስንት ሰከንድ እንደተዋሰ ይናገራል። ሌሎችም አሉ።

አንድ ካርድ ብቻ ባለው ማሽን ላይ ይህ ሁሉ ደስ የሚል ነው። የሚመጣውን ሁሉ ትቀበላለህ፣ ማሽኑም ይሠራል። ካርዱ ሁለት ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። እያንዳንዱ ካርድ ለብቻው ነው የሚደራደረው። አንደኛው ካርድ ከቢሮው ዲኤችሲፒ ጋር የተነጋገረውን ሁለተኛው ካርድ አያውቅም። አድራሻ በየካርዱ ቢሆንም ራውቲንግ ቴብሉ፣ ማለትም የመንገድ ሰንጠረዡ፣ ለመላው ማሽን አንድ ነው። ሁለት ዲኤችሲፒ ሰርቨሮች እየመጡ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ይጽፋሉ፤ ሁለቱም «የማታውቀውን መንገድ ሁሉ በእኔ በኩል ላክ» ይላሉ።

እኔ «ዲኤችሲፒ4 ትሩ» ብዬ ስጽፍ አድራሻ ብቻ የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር። የጠየቅኩት ግን ሙሉውን ጥቅል ነው።

ሰንጠረዡን ስናየው

ችግሩ እንደገና በተፈጠረ ጊዜ «ሪስታርት እንዳታደርጊው፣ መጣሁ» አልኳት። ሄድኩና «አይፒ ራውት» የሚለውን ትዕዛዝ ሰጠሁ። ከላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ሲነበቡ ይህን ይላሉ፦

ዲፎልት፣ በ10.20.0.1 በኩል፣ በሁለተኛው ካርድ፣ ከዲኤችሲፒ የመጣ፣ ሜትሪክ 100።

ዲፎልት፣ በ10.10.0.1 በኩል፣ በአንደኛው ካርድ፣ ከዲኤችሲፒ የመጣ፣ ሜትሪክ 100።

ነገሩ በሙሉ እነዚህ ሁለት መስመሮች ውስጥ አለ። ሁለት ዋና በር፣ አንድ ዓይነት ሜትሪክ። ሜትሪክ ማለት የቅድሚያ ቁጥር ነው፤ ትንሽ ቁጥር ያለው መንገድ ይመረጣል። እኩል ሲሆኑ ግን ቁጥሩ ምንም አይፈርድም። በዚህ ማሽን ላይ ደጋግሜ ያየሁት፣ ቀድሞ የገባው መስመር ከላይ እንደሚቀመጥና ትራፊኩም በሱ እንደሚሄድ ነው።

100 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ኔትፕላን ሥራውን ኔትወርኩን ለሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ለሲስተምዲ ኔትወርክዲ፣ ሲያስተላልፍ፣ በዲኤችሲፒ ለሚመጣ የኢተርኔት መንገድ 100 ይሰጣል። ለዋይፋይ 600 ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ኢተርኔትና አንድ ዋይፋይ ያለው ላፕቶፕ ይህ ችግር አይገጥመውም፤ ገመዱ ሁልጊዜ ይቀድማል። ሁለት ኢተርኔት ያለው ሰርቨር ግን ሁለቱም 100 ይሆኑበታል። ኔትወርክዲን ያለ ኔትፕላን ለሚጠቀም ሰው ቁጥሩ 1024 ነው፤ እሱም ለሁሉም እኩል ነው።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ሁለት ዲፎልት መንገድ ሲያዩ ብዙ ሰዎች እንደዚያ ያስባሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካል ብለው። የአስተዳደሩ ጌትዌይ ግን ወደ ኢንተርኔት አይወስድም። ከርነሉም፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ከጌትዌዩ ማዶ ምን እንዳለ አይመረምርም። ጌትዌዩ ራሱ እስከመለሰለት ድረስ ፓኬቱን፣ ማለትም የሚላከውን የመረጃ ጥቅል፣ ይሰጠዋል፣ ፓኬቱም እዚያው ይቀራል።

ለምን ሁለት ወር ሠራ?

ይህን ጥያቄ ሳንመልስ ማለፍ አልፈለግኩም። መልሱ የገመዶቹ ቅደም ተከተል ላይ ነው። መጀመሪያ ሳዋቅረው የቢሮውን ገመድ ቀድሜ ሰካሁ። መንገዱ ቀድሞ ገባ፣ ከላይ ተቀመጠ። ሰርቨሩ ሪስታርት እስካልተደረገ ድረስ እዚያው ቆየ።

መብራት ሲመለስ ግን ሁሉም ነገር አንድ ላይ ነው የተነሳው። የቢሮው ስዊች ስፓኒንግ ትሪ የሚባለውን ፕሮቶኮል ያሠራል። ይህ ፕሮቶኮል በኔትወርኩ ውስጥ ዙሪያ ጥምጥም እንዳይፈጠር ይጠብቃል። አንድ ፖርት ሲነሳ መጀመሪያ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ከዚያ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ትራፊክ የሚያሳልፈው። ድምሩ 30 ሰከንድ ነው። የዲስከቨር መልእክቱ በነዚያ 30 ሰከንዶች ውስጥ ቢላክም የትም አይደርስም። የአስተዳደሩ ስዊች ላይ ግን የሰርቨሮቹ ፖርቶች ወዲያው እንዲከፈቱ ተደርገው ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ካርድ አድራሻውን ይዞ፣ ጌትዌዩን ጽፎ ሲጨርስ አንደኛው ገና በር ላይ ቆሟል።

ሰርቨሩ ብቻ ሪስታርት ሲደረግ ደግሞ ውጤቱ ይለያያል። የካርዱ ሊንክ መቼ ወረደ፣ መቼ ተነሳ፣ የትኛው ዲኤችሲፒ ቶሎ መለሰ፤ በነዚህ ይወሰናል። እሽቅድምድም ነው። እሷ በስልክ ሳወራት ሪስታርት ያደረገችው ጊዜ የቢሮው ካርድ ቀደመ፤ በሦስተኛው ቀን ተሸነፈ።

የቢሮውን ስዊች ፖርት ቶሎ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል፤ ኋላም አደረገችው፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን መፍትሔ አድርገን ልንይዘው አልፈለግንም። እሽቅድምድሙን አንዱ እንዲያሸንፍ ማመቻቸት ሳይሆን እሽቅድምድሙን ማስቀረት ነው የሚሻለው።

ሜትሪክ ወይስ አለመቀበል?

ሁለት መንገድ ነበረን። አንደኛው ለሁለተኛው ካርድ ከፍ ያለ ሜትሪክ መስጠት ነው። በኔትፕላን ውስጥ ዲኤችሲፒ4 ኦቨርራይድስ የሚባል ክፍል አለ፤ እሱ ስር ራውት ሜትሪክ ብሎ 200 መጻፍ ይቻላል። ያኔ የቢሮው 100፣ የአስተዳደሩ 200 ይሆናል። ማንም ቢቀድም የቢሮው ያሸንፋል። ሌላው መንገድ እዚያው ክፍል ውስጥ ዩዝ ራውትስ፣ ፎልስ ብሎ ከሁለተኛው ካርድ መንገድ ጨርሶ አለመቀበል ነው። አድራሻውን ይወስዳል፣ ጌትዌዩን ይተወዋል።

ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚመከረው ሜትሪክ ነው። እኔ ግን ሜትሪክ ልክ የሚሆነው ሁለቱም በሮች በእውነት ወደ ውጭ የሚያስወጡ ከሆነ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለት የተለያየ የኢንተርኔት መስመር ካለህ፣ 100 እና 200 ስጣቸውና የመጀመሪያው ሊንክ ሲወርድ ሁለተኛው ይረከባል። በእኛ ጉዳይ ግን የቢሮው ገመድ ቢነቀል ትራፊኩ ሁሉ ወደ አስተዳደሩ ኔትወርክ ይዞራል። እዚያ መውጫ ስለሌለ ፕሮግራሞቹ መልስ እየጠበቁ ይንጠለጠላሉ። መንገድ ከሌለ ወዲያው «መንገድ የለም» የሚል ስህተት ቢያገኙ ይሻላል። ባክአፑም ቶሎ ወድቆ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ስለዚህ ዩዝ ራውትስ ፎልስ አልን።

እዚያው ላይ ዩዝ ዲኤንኤስንም ፎልስ አደረግነው። የአስተዳደሩ ዲኤንኤስ የውስጥ ስሞችን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰርቨሩ ለሚሠራው ሥራ እነዚያ ስሞች አያስፈልጉትም።

አንድ ነገር በመሃል ልበል። እንዲህ ያለውን ለውጥ ከሩቅ በኤስኤስኤች ሆናችሁ ስታደርጉ «ኔትፕላን አፕላይ» አትበሉ። «ኔትፕላን ትራይ» በሉ። አዲሱን ማስተካከያ ያስገባና 120 ሰከንድ ይጠብቃችኋል። ኢንተር ካልተጫናችሁ ወደ ድሮው ይመለሳል። ራሳችሁን ውጭ ቆልፋችሁ ብትቀሩ እንኳ ከሁለት ደቂቃ በኋላ በሩ ይከፈትላችኋል። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ መስመሮቹን ወደ ውስጥ የምታስገቡት በስፔስ እንጂ በታብ አይደለም፤ ያምል የሚባለው የፋይል ዓይነት ታብ አይቀበልም።

ሁለተኛው ስልክ

ሰርቨሩን አምስት ጊዜ አስነሳነው። አምስቱንም ጊዜ ኢንተርኔቱ መጣ። ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዲፎልት ብቻ አለ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በማግስቱ ደወለች።

«አሁን ደግሞ እኔ መግባት አልቻልኩም።»

«በየትኛው አድራሻ?»

«በአስተዳደሩ ነዋ፣ በ10.20.0.41። ከኔ ማሽን።»

የሷ ማሽን በ10.20 ላይ አይደለም። አስተዳዳሪዎቹ 10.30.0.0/24 በሚባል ሌላ ሳብኔት ላይ ናቸው፤ ወደ 10.20 የሚደርሱት በ10.20.0.1 ጌትዌይ በኩል ነው። ከዚያ ያነሳችው ነገር ደግሞ የበለጠ ገረመኝ። «በፊትም እኮ አንዳንዴ ነው የሚያስገባኝ» አለች። «ፋየርዎሉ ነው ብዬ ትቼው፣ በቢሮው አድራሻ ነበር የምገባው።»

ለካ ሁለቱ ችግሮች አንድ ነበሩ። ኢንተርኔቱ በሠራባቸው ቀናት እሷ በአስተዳደሩ በኩል መግባት አትችልም ነበር። ኢንተርኔቱ በጠፋባቸው ቀናት ደግሞ ትገባ ነበር። ዲፎልቱ ወደ ቢሮው ሲዞር አንዱ ይሠራል፤ ወደ አስተዳደሩ ሲዞር ሌላው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ስላልነበረ አልታወቀም። እኔም ብጠይቃት ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ትነግረኝ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አርፒ ፊልተርን ነው። ይህ የከርነሉ ጥበቃ ነው። ፓኬት ሲገባ «ለዚህ ላኪ መልስ ብሰጥ በዚሁ ካርድ ነው የምልከው?» ብሎ ይጠይቃል። ዋጋው 1 ሲሆን ጥብቅ ነው፤ በሌላ ካርድ የሚመለስ ከሆነ ፓኬቱን ይጥለዋል። 2 ሲሆን ላላ ያለ ነው፤ በየትኛውም ካርድ መንገድ ካለ ያሳልፈዋል። ተመለከትኩት፣ 2 ነው። ስለዚህ እሱ አይደለም።

ከዚያ በካርድ የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን በሁለት መስኮት ከፈትኩ፤ አንዱን በሁለተኛው ካርድ፣ አንዱን በአንደኛው ላይ። «በይ ሞክሪ» አልኳት። በሁለተኛው ካርድ ላይ ግንኙነት የሚጀምረው የሷ ሲን ፓኬት ገባ፤ ከ10.30.0.15 ወደ 10.20.0.41፣ ፖርት 22። በዚያው መስኮት መልስ ጠበቅኩ። የለም። ዓይኔን ወደ ሌላው መስኮት ሳዞር ሲን አክ የሚለው መልስ እዚያ አለ። ከ10.20.0.41 ወደ 10.30.0.15 ይላል፣ የሚወጣው ግን በቢሮው ካርድ ነው። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ደገመው። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ደግሞ ሌላ።

በአንዱ በር የገባ እንግዳ በሌላው በር ተሸኘ ማለት ነው። ማሽኑ መልስ ሲሰጥ በየት እንደገባ አይመለከትም፤ የሚመለከተው ወዴት እንደሚሄድ ነው። 10.30ን ስለማያውቀው ወደ ዲፎልቱ፣ ወደ ቢሮው ጌትዌይ ላከው። የቢሮው ፋየርዎል ደግሞ ሲኑን ሳያይ ሲን አክ መጣበት። እንዲህ ያለውን መጣል ሥራው ነው።

ይህን ለማየት ፓኬት መያዝ የግድ አይደለም። «አይፒ ራውት ጌት 10.30.0.15 ፍሮም 10.20.0.41» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከርነሉ ያንን መልስ በየትኛው ካርድ እንደሚልክ በአንድ መስመር ይነግራችኋል። አሁን ከአንድ በላይ ካርድ ያለው ማሽን ሳዋቅር በመጀመሪያ የምጽፈው ትዕዛዝ ይህ ነው።

በመነሻ አድራሻ መምራት

በዚያ ቀን የተጠቀምነው ፖሊሲ ራውቲንግ ነው። ሊኑክስ ከአንድ በላይ የመንገድ ሰንጠረዥ መያዝ ይችላል። የትኛው ሰንጠረዥ መቼ እንደሚታይ የሚወስኑ ሕጎችም አሉት። ቁጥር 20 የሚባል ሁለተኛ ሰንጠረዥ ሠራን። እሱ ውስጥ ዲፎልቱን በ10.20.0.1 በኩል አደረግን። ከዚያ አንድ ሕግ ጨመርን፦ መነሻው 10.20.0.0/24 የሆነ ፓኬት ሰንጠረዥ 20ን ይመልከት።

ሕጉን በሙሉው ሳብኔት ላይ እንጂ በ10.20.0.41 ላይ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። አድራሻው በዲኤችሲፒ ነው የሚመጣው፤ ነገ 10.20.0.77 ሊሆን ይችላል። ሳብኔቱ ግን አይቀየርም። ማሽኑ በዚያ ሳብኔት ላይ ያለው አንድ አድራሻ ብቻ ስለሆነ ውጤቱ ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳት አንዲት መስመር አለች። ሰንጠረዥ 20 ውስጥ ዲፎልቱን ብቻ ካስቀመጥን፣ እዚያው 10.20 ላይ ላለ ጎረቤት ማሽን የሚሄደው መልስም በጌትዌዩ በኩል ይዞራል። ጎረቤቱ አጠገብ ተቀምጦ ደብዳቤው በፖስታ ቤት ዞሮ እንደመድረስ ነው። ስለዚህ 10.20.0.0/24 በቀጥታ በካርዱ ላይ እንዳለ የሚናገረውን መስመርም ወደ ሰንጠረዥ 20 ጨመርን።

ገባች። ኢንተርኔቱም እንዳለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ላይ ሠሩ።

ይህ መፍትሔ ትክክል ነው፤ ግን አልወደድኩትም። 10.20.0.1 የሚለውን ጌትዌይ በእጃችን ፋይል ላይ ጻፍነው። ሁሉም ነገር በራሱ እንዲመጣ ፈልገን ጀምረን፣ ግማሹን በእጅ አስገባን። ጌትዌዩ ነገ ቢቀየር ይህን ፋይል የሚያስታውሰው ማን ነው?

ሥሩ ያለው ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ላይ ነው

ከሳምንት በኋላ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። የአስተዳደሩ ኔትወርክ ወደ ኢንተርኔት አያስወጣም። ታዲያ ዲኤችሲፒው ለምን ኦፕሽን 3ን ይሰጣል? ለምን ለሁሉም ማሽን «ሁሉንም በእኔ በኩል ላክ» ይላል? እሷም አሰበችና «ሰርቨሩ ሲተከል ከሌላው ኔትወርክ የተገለበጠ ነው፣ ማንም አላየውም» አለች።

ለዚህ የተሠራ ሌላ ኦፕሽን አለ፤ ኦፕሽን 121። ደረጃው የወጣው በ2002 ነው። ዲፎልት ሳይሆን የተወሰነ መንገድ ብቻ ይሰጣል፦ «10.30.0.0/24 ከፈለግክ በ10.20.0.1 ላክ» ይላል፤ ሌላውን አይነካም። ደንበኛው ይህን ኦፕሽን ካገኘ ኦፕሽን 3ን እንዲተወው ደረጃው ያዛል።

በሽቦው ላይ ሲሄድ ስምንት ባይት ብቻ ነው፦ 24፣ 10፣ 30፣ 0፣ 10፣ 20፣ 0፣ 1። የመጀመሪያው 24 የማስኩ ርዝመት ነው። ቀጥሎ ያሉት 10፣ 30፣ 0 መድረሻው ናቸው፤ ማስኩ 24 ስለሆነ አራተኛው ቁጥር አያስፈልግም፣ አይጻፍም። የመጨረሻዎቹ አራቱ ጌትዌዩ ናቸው። አንዳንድ የዲኤችሲፒ ሰርቨሮች መንገዱን እንደ ሰው ቋንቋ ይቀበሉና ራሳቸው ይቀይሩታል፤ ባይት በባይት ጻፍልኝ የሚሉም አሉ። እኛ ባይቶቹን በወረቀት ላይ ጽፈን፣ አንድ በአንድ አብረን ቆጠርን። እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ብትሳሳት መንገዱ ወደማይታወቅ ቦታ ይሄዳል።

እሷ ኦፕሽን 121ን አስገባች፣ ኦፕሽን 3ን ከአስተዳደሩ ኔትወርክ አወጣች። እኔ ዩዝ ራውትስን ወደ ትሩ መለስኩ፤ ፎልስ እንደሆነ ቢቀር 121ም አብሮ ይጣል ነበርና። ሰንጠረዥ 20ንና ሕጉን አጠፋሁ። ኔትፕላን ትራይ። አይፒ ራውት። አንድ ዲፎልት በቢሮው በኩል፣ አንድ የ10.30 መንገድ በአስተዳደሩ በኩል፤ ሁለቱም ከዲኤችሲፒ የመጡ።

ይህ መንገድ አንድ ገደብ አለው። ከ10.30 የመጣ ሰው በቢሮው አድራሻ ልግባ ቢል መልሱ በአስተዳደሩ ካርድ ይወጣና እንደገና የተጣመመ መንገድ ይፈጠራል። እዚያ ያሉት ሰዎች በአስተዳደሩ አድራሻ ብቻ እንዲገቡ ተስማማን፤ ካርዱ የተገዛውም ለዚያ ነው። በሁለቱም አድራሻ የግድ መግባት ያለበት ማሽን ካላችሁ ግን ፖሊሲ ራውቲንጉን አታጥፉት።

የቀሩት ጉዳዮች

ሦስተኛው ካርድ የራሱ ጣጣ ነበረው። ገመድ ስለሌለው ሰርቨሩ ሲነሳ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሲስተምዲ ኔትወርኩ ሙሉ በሙሉ እስኪነሳ የሚጠብቅ አገልግሎት አለው፤ የሚጠብቀውም እስከ 120 ሰከንድ ነው። ኦፕሽናል፣ ትሩ የሚል አንድ መስመር ሲጨመር ጥበቃው ቀረ። ካርዱ ግን ገመድ ሲሰካበት እንደ ድሮው አድራሻ ይወስዳል።

በኔትወርክዲ ፋንታ ኔትወርክ ማኔጀር የሚባለውን ፕሮግራም ለምትጠቀሙ፣ እሱ ሁለተኛውን ኢተርኔት ሲያይ ሜትሪኩን ራሱ 101 ያደርገዋል። ስለዚህ እኩል አይሆኑም፤ ግን የትኛው 100 እንደሚሆን አሁንም እናንተ ካልወሰናችሁ አስተማማኝ አይደለም። ኔቨር ዲፎልት የሚባለውን ለሁለተኛው ካርድ የስ ማድረግ ይሻላል። አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት፣ አይፒቪ6፣ ካላችሁ ደግሞ ጌትዌዩ የሚመጣው በዲኤችሲፒ ሳይሆን ራውተሩ በሚያሰራጨው ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ዲኤችሲፒውን ብቻ አስተካክላችሁ አትተኙ፤ ማስታወቂያውን መቀበል አለመቀበልን የሚወስነውን አክሴፕት አርኤ የሚባለውንም በየካርዱ ተመልከቱ።

ከሁሉም በኋላ የመጣው የቅጂው ጉዳይ ነው። ይህ ሰርቨር ደህና ስለሠራ ዲስኩ ተገልብጦ ለሁለተኛ ማሽን ዋለ። ሁለተኛው ተነሳ፤ በቢሮው ኔትወርክ የወሰደው አድራሻ የመጀመሪያው ሰርቨር አድራሻ ነው። የካርዶቹ ማክ አድራሻ፣ ማለትም እያንዳንዱ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው መለያ፣ የተለያየ ነው። እንዴት?

ሲስተምዲ ኔትወርክዲ ለዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ራሱን የሚያስተዋውቀው በማክ አድራሻው አይደለም። ማሽን አይዲ ከሚባለው ፋይል የሚያወጣውን መለያ ከካርዱ ስም ከሚመነጭ ቁጥር ጋር አጣምሮ ይልካል። ዲስኩ ሲገለበጥ ማሽን አይዲውም ተገለበጠ፤ የካርዶቹም ስም አንድ ነው። ስለዚህ ለዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ሁለቱ ማሽኖች አንድ ናቸው፤ አንድ አድራሻ ሰጣቸው። ፋይሉን ባዶ አድርገን ስናስነሳው አዲስ መለያ ፈጠረ፣ የራሱንም አድራሻ አገኘ። የኔትወርኩ ኃላፊ አድራሻዎችን በማክ ስለምትመዘግብ ዲኤችሲፒ አይደንቲፋየር፣ ማክ የሚለውንም በሁለቱም ማሽኖች ላይ ጨመርን።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው በሌለበት፣ የመደርደሪያውን ዋና ማብሪያ አጠፋችው። ስዊቾቹም ሰርቨሮቹም አብረው ጠፉ። አንድ ደቂቃ ጠብቃ አበራችው። የአስተዳደሩ ካርድ አሁንም ቀድሞ አድራሻ ወሰደ፤ ዲፎልት ግን አልጻፈም። የቢሮው ካርድ ቆየት ብሎ ደረሰና ዲፎልቱን ጻፈ። እሷ ከ10.30 ማሽኗ ገባች፣ ከውስጥ ሆና ወደ ውጭ ፒንግ አደረገች፤ ከዚያ ሁለተኛውን ማሽን እንዲሁ። የአራቱን መስመር ውጤት ፎቶ አንስታ ላከችልኝና ባክአፑን በእጇ አስጀመረችው።